አፋቸው የተወተፈ ትራምፔቶች

ኦቲሊ ሮትማየር ከሌሎቹ ሙዚቀኞች ሁሉ ቀድማ ነበር አዳራሹ የምትደርሰው። የምትመታው ሃርፕ፣ ያ ከሰው የሚረዝም ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ፣ እንደ ቫዮሊን በአንድ አፍታ ተቃኝቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ብርድ ሲነካው ያኮርፋል፣ ሙቀት ሲነካው ይለግማል። በዚያ ላይ በኦርኬስትራው ውስጥ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ወንዶቹ ተንጋግተው ሳይገቡ ሥራዋን ጨርሳ ቁጭ ማለት ትወዳለች። ከመጡማ ትራምፔት ነፊው ኢግናዝ «ወይዘሪት፣ ዛሬስ በዚህ ሁሉ ገመድ ላይ ልብስ አናሰጣም?» ማለቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ የቪየና ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት አንድ ማለዳ፣ ጆሮዋን ወደ አውታሮቹ ጣል አድርጋ ስትቃኝ ከባዶው አዳራሽ መሐል ድምፅ ሰማች።

«እባክዎ፣ እሱን አያስተካክሉት!»

ብድግ አለች። ኮቱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ቀጭን ወጣት ወንበሮቹ መሐል ተቀምጧል።

«ምኑን?»

«አሁን የነኩትን። ትንሽ ወረድ ብሏል። እንደዚያ ሲሆን የፈራ ሰው ድምፅ ይመስላል።»

«ጌታዬ፣ ሃርፕ ከቅኝቱ ሲወጣ የምትፈራው ሃርፕ መቺዋ ናት። መሪያችን ጆሮዬን ይዞ ነው የሚያስወጣኝ።»

ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ያፈረ ይመስል ዓይኑን ወደ ባርኔጣው መለሰ። «ኤመሪኽ ቶማን እባላለሁ። ዛሬ ለሙከራ የምትጫወቱትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አሃ! እርስዎ ነዎት?» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ይህን ግንድ የሚያህል መሣሪያ አስጭኜ የመጣሁት በጣት ለሚቆጠሩ ድምፆች ነው? የቀረውን ጊዜ ምን ልሥራ? ሹራብ?»

«ዝም ይበሉ... ይቅርታ፣ ማለቴ፣ ዝምታውም የእርስዎ ድርሻ ነው። አስቤበት ነው የጻፍኩት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም የምትልበትን ቦታ አስቦ የሰጣት ሰው አልነበረም።

ልምምዱ ሲጀመር ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ ማጉረምረም መጣ። ሥራው ሦስት አጫጭር ክፍሎች ነበሩት። ዋሽንቱ አንድ ድምፅ ይጀምራል፤ ሳይጨርሰው ክላርኔቱ ይቀበለዋል፤ ከክላርኔቱ ኮንትራባሱ ይነጥቀዋል፤ ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸሽ ማንም ይዞ አያቆየውም። ጆሮ ለመስማት የሚጣጣርበት ሹክሹክታ ነው ሲባል፣ ያ ሁሉ ናስና ከበሮ በአንዴ ይፈነዳና ወዲያው ጸጥ ይላል። ቅኝት የለውም፤ እዚህ ጋ ያርፋል ብሎ የጠበቀ ሰው እግሩ ደረጃ እንደሳተበት ይደነግጣል።

የኦቲሊ አባት ቬንዴሊን ሮትማየር የቫዮሊኖቹ አለቃ ነበሩ። ከፊት ወንበር ሆነው እያንዳንዱን ኖታ ያለ አንዳች ስህተት ተጫወቱ፤ ሲያበቃ ደጋናቸውን በመሐረብ ጠራርገው «ኖታው ትክክል ነው። ሙዚቃው ግን የለም» አሉ። ሙዚቀኞቹ አጨበጨቡላቸው። መሪው ግን ግትር ሰው ነበርና ሥራው በጸደይ ለሕዝብ እንደሚቀርብ ተናገረ።

ከዚያ ወዲያ ኤመሪኽ የሃርፕን ነገር ልማር እያለ መምጣት ጀመረ። አውታሩ ከሥሩ ሲነካ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል? ወረቀት ቢሰካበትስ? ኦቲሊ እያሳየችው ሳለ ጣቶቿን ሳይሆን ፊቷን ሲያይ ትይዘዋለች፤ እሱም ተይዞ ዓይኑን አይመልስም። ትምህርቱ ከአዳራሹ ወደ ቡና ቤት፣ ከቡና ቤት ፕራተር ወደሚባለው መናፈሻ የዛፍ ጥላዎች ተሸጋገረ። እየተራመዱ ትኩስ የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ከወረቀት ጥቅልል እያወጡ ይበላሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችው አንድ እሑድ። «ሰው እኮ ዜማ ሲሰማ መጨረሻ ላይ ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። የእርስዎ መቼ ነው ቤቱ የሚገባው?»

«ቤት ያለው ይግባ» አለ፤ ከዚያም መልሱ እንደከረረ ገብቶት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የምተዳደረው በኦፔሬታ፣ በቀልድና ዘፈን ቲያትር ቤት ነው። ሌሎች የጻፉትን ዋልትዝ፣ የዳንስ ዜማ፣ ለኦርኬስትራ አዘጋጅላቸዋለሁ። አምና ክረምት እህቴ አግነስ ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም። በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጬ ዋልትዝ እየጨረስኩ ነበር፤ ቲያትር ቤቱ አስቸኩሎኝ። ስትጠራኝ ሰምቻለሁ። ‹መጣሁ፣ አንዲት ገጽ ቀረችኝ› አልኳት።»

ኦቲሊ ቆመች።

«ከዚያ ወዲህ» አለ፣ «አንድ ዜማ ስጀምር መጨረሻው ከታወቀኝ እጄ አይታዘዘኝም።»

ጓንቷን አውልቃ እጁን ያዘችው። «ለምንድን ነው እርስዎ የምትለኝ?» አለችው በቀስታ። «ይብቃህ።»

«አንቺ» አለ፤ ቃሉን አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው ደገመው፤ «አንቺ።»

በረዶ መጣል ሲጀምር ኦቲሊ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረችው። እናቷ ቫልቡርጋ ሳንባዋን ስለታመመች ደቡብ አገር ፀሐይ ትሞቃለች ይባል ነበር። ጎረቤቱም፣ ኦርኬስትራውም ይህንን ነው የሚያውቀው።

«እናቴ ደቡብ አገር አይደለችም» አለች፣ ከውሃ ቦዩ ዳር የድልድዩን ብረት ተደግፋ። «እዚሁ ናት። ከከተማው ዳር፣ ኮረብታው ላይ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታስተኛኝ የነበረበትን እሹሩሩ ጀመረች። ሁለት ድምፅ ብላ ሦስተኛው ጠፋት። እንደገና ሁለት። እንደገና። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ በኋላ ጮኸች። ያቺን ሁለት ድምፅ ብቻ፣ ሰዎቹ መጥተው ሠረገላ ውስጥ እስኪያስገቧት ድረስ። አባቴ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ሄዶ መስኮቱን ዘጋ። ጎረቤት እንዳይሰማ።»

ኤመሪኽ አላጽናናትም። አይዞሽም አላላትም። ትከሻዋ ላይ የወረደውን በረዶ በእጁ እያራገፈላት አጠገቧ ቆመ፤ እሷም ያን ዕለት ቅልል ብሏት ወደ ቤቷ ገባች።

በገና ሰሞን አበባ ይዞ አባቷ ዘንድ ቀረበ። አቶ ሮትማየር በጨዋ ደንብ አስቀመጡት፣ ኬክ አስቀረቡለት፣ የመጣበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«አቶ ቶማን» አሉ በመጨረሻ፣ «ዘፈን መጨረስ ያቃተው ሰው ትዳር እንዴት አድርጎ ይይዛል?»

«ዘፈኔ አያልቅ ይሆናል እንጂ እኔ አልሄድም፣ ጌታዬ።»

«እሱን ደጋግሞ መናገር ይቻላል። እኔ ግን ልጄን ለጩኸት አልድርም። ጩኸት በቤቴ አይገባም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ አባቷ ወደ መስኮቱ ገልመጥ ማለታቸውን ያየችው ኦቲሊ ብቻ ነበረች።

መጋቢት ላይ ልምምዱ እንደገና ሲጀመር በየሙዚቀኛው ፊት አዲስ ወረቀት ተቀምጦ ጠበቀ። ኤመሪኽ አራተኛ ክፍል ጨምሯል። «ዛሬስ ለምሳ በጊዜ የሚለቁን መስሎኝ ነበር» አለ ኢግናዝ፣ ለትራምፔቱ አፍ የተሰጠውን መወተፊያ እያገላበጠ። «ጭራሽ አፌን ደፍነው ያስጮኹኛል!»

መሪው እጁን አነሳ። ከሩቅ ከበሮ ይሁን የልብ ምት የማይለይ ነገር ተሰማ። በዚያ ላይ አፋቸው የተወተፈ ትራምፔቶች ሁለት ድምፅ አወጡ። ሁለት ብቻ። ቆም። እንደገና ሁለት። ሦስተኛውን ሊሉ ይደርሱና ያጡታል። ክላርኔቶቹ ሊያግዟቸው ገብተው አብረው ይጠፋሉ። ቫዮሊኖቹ በደጋናቸው እንጨት አውታሩን መቱ፤ እንደ ደረጃ፣ እንደ ጫማ ኮቴ። ሁለቱ ድምፆች እየወፈሩ፣ ከናስ ወደ ናስ እየተባዙ ሄደው በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ አንድ አፍ ሆኖ ጮኸ።

ኦቲሊ መጫወት የነበረባትን አሳለፈች። አባቷን ፈልጋ አየች፤ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታያት፤ ደጋናቸው ሳያቋርጥ ይሄዳል።

ከልምምዱ በኋላ ኤመሪኽን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ሰረቅኸኝ» አለችው።

«ኦቲ...»

«እናቴን ነው የወሰድከው። ለአንተ ብቻ ብዬ ያወጣሁትን ለሰማንያ ሰው አድለህ አስጫወትክ! ኢግናዝ እየቀለደ እናቴን ይነፋታል!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ያን ማታ ድልድዩ ላይ ካንቺ ከተለየሁ በኋላ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻልኩም። ወረቀቱን ባነሳሁ ቁጥር እሷ ናት የምትመጣው። አግነስም አብራት። ያቺን ድምፅ ማንም አልመለሰላትም፤ እኔም እህቴን አልመለስኩላትም። ስሟን አልጻፍኩም፣ ማንም አያውቅም...»

«እኔ አውቃለሁ! ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«እምቢ እንዳትዪኝ ፈራሁ።»

ቢዋሽ ኖሮ ይሻላት ነበር። እውነቱ ግን ውስጧ ገብቶ ተሰነቀረ።

«አውጣዋ» አለችው።

የሌሎቹ ኮቴ ደረጃውን ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ኦቲ፣ በሕይወቴ የጻፍኩት እውነት ይሄ ብቻ ነው» አለ።

«እንግዲያው ከእሱ ጋር ኑር» ብላ ሄደች።

ቤት ስትገባ አባቷ ሾርባቸውን ይጠጡ ነበር። ሰምተውት እንደሆነ ከፊታቸው ለማንበብ ሞከረች። ጨው አቀብዪኝ አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በየቀኑ እየተገናኙ፣ አንዳቸው ለሌላው ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳይናገሩ ከረሙ። ኦቲሊ ድርሻዋን ተጫወተች። ሥራዋ ነው። ኤመሪኽ ከኋላ ወንበር ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ ቀና ብላ ግን አታየውም። ማየቱን የከለከለችው ራሷ ሆና ሳለ፣ እሱ ቀድሞ የወጣ ዕለት ቀኑን ሙሉ ሲከፋት ትውላለች።

ኮንሰርቱ እሑድ ቀትር ላይ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ግማሹ ሙዚቃ ሊሰማ፣ ግማሹ ሊያፏጭ የመጣ ነው፤ ቪየና ውስጥ ያን ሰሞን ጠብ ፍለጋ ኮንሰርት መግባት ፋሽን ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በሳል ተዋጠ። በሁለተኛው ከበረንዳው የቁልፍ መንሿሿት ተሰማ። በሦስተኛው አንድ ወፍራም ሰውዬ «ሐኪም ጥሩላቸው!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። አንድ ተማሪ ተነስቶ «ያልገባው ይውጣ!» ሲል ከዘራ ተሰነዘረበት።

መሪው ላቡን ጠርጎ አራተኛውን ክፍል ጀመረ።

ሩቁ የልብ ምት። ከዚያ አፋቸው የተወተፈ ትራምፔቶች፣ ሁለት ድምፅ። ቆም። ሁለት ድምፅ።

ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት በማራገቢያዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሳቋ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ረድፉ ተዛመተ። በረንዳ ላይ አንዱ ሁለቱን ድምፆች እንደ አህያ እያናፋ መለሰ። አዳራሹ በሙሉ ተንከተከተ። ሌሎችም ተቀበሉት፤ ትራምፔቶቹ ሁለት ባሉ ቁጥር ከላይ ከታች ሁለት ይናፋል።

ኦቲሊ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ኖታው ተምታታባት። በዚያ መሐል የአባቷ ደጋን ሲቆም አየች። አለቃው ተነሱ። ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ አቆሙ፤ የመጨረሻው ትራምፔት ብቻውን ቀርቶ እሱም ጠፋ። ሕዝቡ አለቃው ሙዚቃውን ተቃውመው ሊወጡ መስሎት በጭብጨባ ተቀበላቸው። «ጎሽ ሮትማየር!» የሚል ተሰማ።

አባቷ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አትሳቁ» አሉ። ድምፃቸው አልወጣም ነበርና እንደገና፣ ባላቸው ኃይል ጮኹ፤ «አትሳቁ! ሚስቴ ናት!»

ጭብጨባው ረገበ። ማንም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ሰው እንደዚያ የሚጮኸው መቼ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ቫልቡርጋ ትባላለች» አሉ አባቷ። «ደቡብ አገር አይደለችም። ኮረብታው ላይ ናት። እንደዚህ ነው የጮኸችው። አሁን ዝም ብላችሁ ስሟት።»

ተቀመጡ። ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር አስገብተው መሪውን ጠበቁ። መሪው እጁን አነሳ፤ ክፍሉን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ኢግናዝ ሲነፋ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። ኦቲሊም ድርሻዋ ሲደርስ መታች። ጩኸቱ መጥቶ፣ ሞልቶ፣ ሲያልፍ፣ ያጨበጨበም ያፏጨም አልነበረም።

በማግስቱ ጋዜጦቹ ተሳለቁ። የኦርኬስትራው ኃላፊዎች አለቃው ለጊዜው ቤታቸው ቢያርፉ እንደሚሻል በትሕትና አስታወቁ፤ ያ ጊዜ እንደማያልቅ ሁሉም ተረድቷል። አቶ ሮትማየር ደብዳቤውን አንብበው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና መስኮቱን ከፈቱ።

«ያ ልጅ ባለጌ ነው» አሉ፣ ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጥተው። «ሳይጠይቅ የሰው ቤት ገብቷል። ግን ሰምቷታል፣ ኦቲ። አይቷት የማያውቅ ሰው ሰማት። እኔ እዚሁ ቆሜ አልሰማኋትም።»

በዚያው ሳምንት አባትና ልጅ ኮረብታውን ወጡ። ለዓመታት ሳይረግጡት ኖረው ነበር፤ አባቷ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ኦቲሊ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ቫልቡርጋ ፀጉሯ ነጭቶ፣ ቀጥናም ቢሆን፣ አወቀቻቸው። አንዳንድ ቀን ታውቃለች፣ አንዳንድ ቀን አታውቅም፣ አለቻቸው ነርሷ። ያን ዕለት የባሏን እጅ ይዛ «አርጅተሃል፣ ቬንዴሊን» አለች፤ እሳቸውም «አዎ፣ ቫሊ» አሉ። የሆነውን ሁሉ ያጫወተቻት ኦቲሊ ነበረች። እናቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ያ ልጅ የት ነው?»

ኦቲሊ ኤመሪኽን ያገኘችው ኦፔሬታ ቤቱ ጓሮ፣ የዋልትዝ ወረቀት ተከምሮበት ነው። ጢሙን አልተላጨም። ሲያያት ተነሳ፤ የሚቀመጥበትን ወንበር ሊሰጣት ፈልጎ ወንበሩን ጣለው።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው።

«አልጠየቅሁሽም። በምን ፊቴ?»

«ምናልባትም ይቅር የምልህ ቀን አይመጣ ይሆናል። እሱን አውቀህ ነው የምትመጣው።»

«የት?»

«እናቴ ልታይህ ትፈልጋለች።»

ኤመሪኽ ኮቱን አነሳ።

ቫልቡርጋ ከዋናው ሕንፃ ኋላ፣ ቡቃያ ማውጣት ከጀመረ የፖም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። ኤመሪኽ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ነህ ጩኸቴን የጻፍከው?»

«አዎ፣ እመቤቴ። ሳላስፈቅድዎ።»

«ጮክ ይል ነበር?»

«በጣም።»

«ሰሙ?»

ኤመሪኽ ኦቲሊን አያት፤ መዋሸት እንደማይችል ታውቃለች። «መጀመሪያ ሳቁ» አለ።

«እነሱ መቼም ይስቃሉ።» ቫልቡርጋ ሻርፗን ሳብ አደረገች፤ ጣቶቿ ጫፉን ይፈትላሉ። «ቬንዴሊንስ? ቬንዴሊንም ሳቀ?»

«አልሳቀም፣ እማ» አለች ኦቲሊ። «ተነሥቶ ቆመ። በሰው ሁሉ ፊት ስምሽን ጠራ።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ነፋሱ ዛፉን እየነካካ ሲያልፍ ሦስቱም ዝም ብለው ቆዩ። ኦቲሊ ያን ዝምታ አልፈራችውም።

ኮረብታውን ሲወርዱ መንገዱ ቁልቁለት ነበር፤ የሌሊቱ ዝናብ አድልጦታል። ኤመሪኽ ሊደግፋት እጁን ዘርግቶ፣ መብት እንደሌለው ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው። ኦቲሊ ጥቂት እርምጃ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲደርስባት ክንዷን በክንዱ ውስጥ አሳለፈች።

«ቀስ ብለህ ሂድ» አለችው። «ያዳልጣል።»